ዳማ ተፈትቷል?

«ከወግዲ እስከ አጅባር ሞተር የሚገባት ሴት ብትፈልጉ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛዋ ገና አልተወለደችም!»

የትምወርቅ ይህን የምትለው ቦኖው ጋ፣ ጀሪካን ተሰልፎ ሰዉ ሥራ ሲፈታ ነው። ደግሞ ሁዳ በሌለችበት ነው። ሁዳ ማለት ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ባጃጅና የወፍጮ ሞተር የምትጠግን፣ ሙያውን ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት። ሂጃቧን ወደ ኋላ ቋጥራ፣ እስከ ክርኗ ግራሶ ለብሳ፣ ብሎን በጥርሷ ይዛ ስትሠራ ያያት ሰው ጉራውን ዋጥ ያደርጋል። የትምወርቅም ትውጣለች። ቦኖው ጋ ስትደርስ ግን መልሳ ትተፋዋለች።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ የሰባተኛን በር ከፍታ ገባ አለችና ወጣች። «የቀረውን ማሽኑ ያስተምረኛል» ትላለች።

ማሽኑ ታላቅ ወንድሟ አምባቸው ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ላይ ጭኖ ያመጣው የጓሮ መቆፈሪያ ነው። ከላይ ሁለት እጀታ፣ መሀሉ ላይ ሞተር፣ ከሥር እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመሙ የብረት ጥርሶች አሉት። ሞተሩ ሲነሣ ጥርሶቹ እየዞሩ አፈሩን ይገለብጡታል። ቀለሙ ወደ ቡና ያደላ ቀይ ስለሆነ አባቷ ውበቱ ገና ከመኪናው ሲወርድ አየት አደረገውና «ዳማ ነው» አለ፤ እንደ በሬ ስም አወጣለት። በዚያው ዳማ ሆኖ ቀረ።

አምባቸው ያመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የውበቱ ግራ እጅ አትጨብጥም። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፤ ቦራ የሚባል በሬ ነበረው፣ አንድ ቀን እንደተጠመደ ጠፍሩን ሊያጠብቅለት ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ ቀረበ። ቦራ ደነገጠ፣ ተፈናጠረ፣ የውበቱ ጣቶች በጠፍሩና በቀንበሩ መሀል ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው አንድ እጅ ነው፤ ቀኙ።

በዚያች በአንድ እጅ የሠራውን ሥራ የምታውቀው የትምወርቅ ናት። እናቷ አስቻለች ያረፈችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ነበር። ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ጠጉር መሠራት አለበት፤ ጎረቤት ለማስቸገር ደግሞ ውበቱ አይወድም። ስለዚህ ልጅቷን በጉልበቱ መሀል አስቀምጦ፣ አንዱን ዘለላ በቀኝ እጁ፣ አንዱን በጥርሱ፣ አንዱን በማትጨብጠዋ እጁ አንጓ ተጭኖ ይጎነጉናል። የሚወጣው ሹሩባ ከነጭ ሽንኩርት ጉንጉን አይለይም ነበር። የክፍሏ ልጆች «ነጭ ሽንኩርቷ!» አሏት። ሁለቱን በቡጢ አለቻቸው፤ ሹሩባውን ግን አልፈታችም። አባቷንም እስከ ዛሬ አንተ ነው የምትለው። የሰፈሩ ልጆች አባቶቻቸውን አንቱ ሲሉ፣ እሷ እናትም አባትም ለሆነ ሰው አንቱታ ይርቅባታል።

ማሽኑ እንደመጣ ሁለቱም ሁዳ ዘንድ ሄዱ። ሁዳ ዳማን ከፊት ከኋላ አየችው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አለች። «ስለ ቤንዚኑም፣ ስለ ዘይቱም፣ ስለ ፊልትሮውም እነግርሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ቆሻሻ ልታወጪም ይሁን፣ ብሎን ልታጠብቂም ይሁን፣ እጅሽ ወደ ጥርሶቹ ከመሄዱ በፊት ይቺን ትነቅያለሽ።» ከሞተሩ አፍንጫ ላይ ወፍራም ሽቦ የተቀጠለበትን ጥቁር ቆብ ይዛ ጠበቅ አድርጋ ሳበችው፤ ጠቅ ብሎ ወጣ። «የካንዴላው ቆብ ነው። ይህ ከተነቀለ እሳት የለም፤ እሳት ከሌለ ሞተሩ ድንጋይ ነው። ቆቡ በቦታው ካለ ግን ዝም ቢልም አልሞተም። ጥርሱን ያዞርሽው እንደሆነ ሊነሣብሽ ይችላል።»

«ማጥፊያውን ካጠፋሁትስ?»

«የአባቴን ሁለት ጣት የወሰደው የጠፋ ሞተር ነው።»

ሁዳ ቀጠለች። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ትኩስ ላይ የሚሞላ ሰው ቅንድቡን ይሰናበት። ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ይታይ፣ ብሎኖቹ ይነካኩ፤ ሲንቀጠቀጥ ስለሚውል ይላላሉ። ክፍት ጫማ ደግሞ ወላሂ እንዳላይ።

ውበቱ ይህን ሁሉ ዱላውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ወደ ቆቡ አመለከተ።

«ገባኝ» አለ። «ይህ ቀንበሩ ነዋ። ሲገባ ተጠመደ፣ ሲነቀል ተፈታ።»

ሁዳ ሳቀች። «ማሻአላህ ጋሽ ውበቱ! ከልጅዎ ቀድሞ ገባዎት።» ከዚያ ወደ የትምወርቅ ዞር ብላ ሳቋን አቆመች። «አባትሽ ያለው አንድ እጅ ነው። ገባሽ አይደል?»

«የሱ እጅ በኔ ይሁን» አለች የትምወርቅ፣ ደረቷን ነፍታ።

እንዲህ ሆኖ ቃሉ የቤት ቃል ሆነ። ሣር ወይም ሥር ጥርሶቹ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይጠፋል፣ ውበቱ «ዳማ ተፈትቷል?» ይላል፣ እሷ ቆቡን ነቅላ «ተፈትቷል» ትላለች። ያኔ እንኳ ዝም ብሎ እጁን አይሰድም። መጀመሪያ በዱላው ጥርሶቹን ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። «እህ ዳማ፣ መጣሁ» ይለዋል። ከቦራ ወዲህ፣ የሚስብ ነገር ዘንድ ሳያስታውቅ አይቀርብም።

«አባ፣ ማሽን እኮ ነው! ጆሮ የለውም!»

«ጆሮ ባይኖረውም ጥርስ አለው።»

የመጀመሪያው ወር እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ወር የትምወርቅ ባለሙያ ሆነች። ማለትም ባለ አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እያንቀጫቀጨች መሄድ ጀመረች። አነጋገሯም የጋራዥ ሆነ፤ መፍታትና ማሰር ማለት ለሷ ከዚያ ወዲያ ብሎን መፍታትና ማሰር ብቻ ነው። ቀንበርና ጠፍር ያረጀ ወሬ ሆነባት። አባቷ «ተፈትቷል?» ሲላት ዓይኗን ወደ ሰማይ ትሰዳለች፤ ቆቡን አንዳንዴ ትነቅላለች፣ አንዳንዴ «ጠፍቶ የለም እንዴ?» ብላ ታልፋለች። ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ደግሞ ይበልጥ አኮራት።

በጥቅምት ነጭ ሽንኩርት የሚተከልበት መደብ መገልበጥ ነበረበት። የዚያን ዕለት ጠዋት የትምወርቅ ቦኖው ጋ ለእትዬ ፈንታዬ፣ አጥራቸው ከአጥሯ ለሚገናኝ ባልቴት፣ ቃል ገብታ መጣች። «ከምሳ በፊት የኔን እጨርስና የርስዎን እገለብጠዋለሁ። ሻይዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ!» አለቻቸው። እሳቸውም «ኢንሻአላህ በይ እንጂ» አሏት። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን የወሎ ሰው ናቸው። እሷ ኢንሻአላህ ሳትል ሮጣ ሄደች።

ስለዚህ ቸኩላለች። መደቡ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ከአፈሩ ሥር የተቀበረ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ጥርሶቹ ላይ ተጠመጠመ። ዳማ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ራሱ ዝም አለ። ማጥፊያውን ማንም አልነካውም። ማርሹም እንደገባ ነው።

«አይ አንተ!» አለችው የትምወርቅ። ቁልፏን አወጣች፣ ቁጢጥ አለች፣ ከረጢቱ እንዲገኝ የጥርሶቹን ሽፋን ብሎኖች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ቆቡ ከአፍንጫዋ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። አላየችውም። ሐሳቧ እትዬ ፈንታዬ ሻይ ላይ ነው።

ውበቱ ከመደቡ ወዲያኛው ጫፍ ድንጋይ ሲለቅም ቆይቶ ዱላውን ይዞ መጣ።

«ተፈትቷል?» አለ።

የትምወርቅ የመጨረሻውን ብሎን ይዛ፣ ቀና ሳትል፣ «ፈትቼዋለሁ አልኩህ እኮ!» አለች። አላለችውም ነበር፤ ግን ብሎኑን እውነትም ፈትታዋለች።

ውበቱ ተንበረከከ። ቀኝ እጁን ወደ ከረጢቱ ሊሰድ አለና ቆም አለ። ዱላውን አዞረ።

«እህ ዳማ፣ መጣሁ።»

«አባ ደግሞ! ቶሎ በል እንጂ፣ በእጅህ ብትስበው...»

ዱላው በጥርሶቹ መሀል ገባ። ውበቱ ከረጢቱን በዱላው ጫፍ ወጋ አድርጎ ገለበጠው። የተጠመጠመው ሲላላ ታፍኖ የቆየው ጥርስ ፈትለክ አለ፤ ሞተሩም ትኩስ ነበርና አንድ ጊዜ ዷ! ብሎ ነቃ። አንድ ዙር ብቻ ነው የዞረው። ዱላው እንደ አጥንት ቀው ብሎ ተሰበረ፣ ግማሹ በአጥሩ ላይ አልፎ እትዬ ፈንታዬ ጎመን ውስጥ ወደቀ።

ከዚያ ሞተሩ ተመልሶ ጠፋ። ትንሽ ጭስ ብቻ ነበር።

ውበቱ የተሰበረውን የዱላ ቁራጭ እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀርታለች። ቁራጩን ጣለና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። የትምወርቅ ቆጠረች። አምስት። አላመነችም፤ ከአውራ ጣት ጀምራ እንደገና ቆጠረች። አምስት። የስድስት ዓመት ትምህርት ለዚች ለአንዲት ቁጥር ብቻ ቢሆን እንኳ በቂዋ ነበር።

«አፈር ስሆን አባ፣ አፈር ስሆን!» እጁን ያዘችው፣ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ያ ሁሉ አንደበት ሄዶ ያቺ ብቻ ቀረቻት። «አፈር ስሆን!»

ውበቱ አልጮኸባትም። ቢጮኽ ይሻላት ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተፈትቷል አላልሽኝም፣ ወርቄ?» አለ።

«ብሎኑን... ብሎኑን ነው የፈታሁት።»

ውበቱ ብሎኑን አየ፣ ቆቡን አየ፣ እሷን አየ።

«እኔ ደግሞ በሬውን የጠየቅኩሽ መስሎኝ» አለ።

ቆቡን ነቀለችው። ጠቅ። ያቺን ትንሽ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምታት እንደማታውቅ ሆነባት። ከዚያ መደቡ ዳር ሄዳ ባሕር ዛፉ ሥር ተዘርፍጣ አለቀሰች። ሲያለቅሱ ቆንጆ የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ የትምወርቅ ከነሱ ወገን አይደለችም፤ አፍንጫዋ ያብጣል።

ውበቱ መጥቶ ከኋላዋ ተቀመጠ።

«ይመለስ» አለች። «አምባቸው መጥቶ ይውሰደው። ሁለተኛ አልነካውም፣ አንተም አትነካውም።»

«ቦራ ይቺን ሲወስዳት» አለ የማትጨብጠዋን እጁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰዉ ሁሉ ሽጠው፣ እረደው አለኝ። ስድስት ዓመት አረስኩበት። ጥፋቱ የሱ አልነበረማ። ዝም ብዬ የቀረብኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ግን አንተ ዝም አላልክም። ጠይቀሃል፣ አንኳኩተሃል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ ውበቱ። ማባበል አያውቅበትም። «አንቺ ነሽ።»

እያለቀሰች ሳቀች። ሻሿ ወልቆ አንዱ ሹሩባዋ ተፈትቶ ነበር። ውበቱ ዘለላዎቹን ሰበሰበ፤ አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በጥርሱ፣ አንዱን በእጁ አንጓ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ጠጉሯን በአባቷ አታሠራም፤ ቦኖው ጋ ቢሰማ ጉድ ነው። ግን አልተነቃነቀችም። እያንዳንዷ ጣቱ ጭንቅላቷ ላይ ስትንቀሳቀስ ይሰማታል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ እስከ ትንሿ ድረስ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ጠጉሯን በጥርሱ እንደያዘ፣ ግማሹ ቃል እየተዋጠ፣ «በጆሮ አልቀበልም። ተፈትቷል ብትይኝም ቆቡ ተንጠልጥሎ በዓይኔ ካላየሁ እጄን አልሰድም። አንቺም እኔ ብልሽ አትስደጂ።»

«እሺ አባ።»

«ዱላዬንም አትሳቂባት።»

«እሺ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ግን ጆሮ የለውም እኮ።»

ውበቱ ሹሩባዋን ቀስ አድርጎ ጎተት አደረገው።

ከሰዓት በኋላ ሁዳ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት፤ አንዲትም አላስቀረችም። ሁዳ ሥራዋን አላቆመችም። ተናግራ ስትጨርስ ብቻ፣ «ስንት ጣት ቀረው?» አለቻት።

«አምስቱም አሉ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች ሁዳ፣ ዓይኗን ጨፍና። ቀጥላ በግራሶ ጨርቋ ጭንቅላቷን አንዴ ጠፈጠፈቻት። «ነገ ማሽኑን ይዘሽው ነይ፤ ተቆልምሞ እንደሆነ ጥርሱን እናየዋለን። አብሽሪ በቃ፣ አታልቅሺብኝ፤ ቤቴ ጠባብ ናት።»

ዳማ ሁዳ ዘንድ ሁለት ቀን አደረ። ሲመለስ ውበቱ ጎመን ውስጥ የወደቀውን የዱላውን ግማሽ አምጥቶ ከእጀታው ጋር በጠፍር አሰረው፤ ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ መሀል ከሱ በቀር የሚገባ ነገር የለም ተባለ። ሌላኛው ግማሽ እጁ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን አባትና ልጅ ዳማን ይዘው ወደ እትዬ ፈንታዬ ጓሮ ገቡ። የትምወርቅ የአምባቸውን አሮጌ ቦት ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቃበት ተጫምታለች፤ ስትራመድ ዳክዬ ትመስላለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቤንዚን ሞላች፣ ጠብ ያለውን ጠረገች። ዘይቱን አየች። ቆቡን ነቅላ ለአባቷ በዓይኑ አሳየችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። ጥርሶቹን በዱላው ግማሽ አጸዳች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጠበቅ ጠበቅ አደረገች። እስከዚህ ድረስ አፏን ዘግታ ነው የሠራችው፤ እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ሙሉ ጉራ አልነፋችም። ታዲያ እትዬ ፈንታዬ ሻያቸውን ይዘው በርጩማቸው ላይ ተደላድለው ሲቀመጡ፣ ሰሚ ሲገኝ፣ ሦስት ቀን የተጠራቀመው መጣባት።

«እዩ እትዬ ፈንታዬ» አለች ወገቧን ይዛ። «ማሽን ያለው ሰው ብዙ ነው፣ አያያዝ የሚያውቅ ግን የለም። ሰዉ ዝም ብሎ ገመድ ይጎትታል። እኔ ግን እንዲህ ጣት በጣት ተንከባክቤ ስለምይዘው በአንድ ጉተታ ነው የሚነሣልኝ። አንድ ብቻ! ይቁጠሩ።»

«ልቁጠር» አሉ እትዬ ፈንታዬ።

የማስነሻውን ገመድ ያዘች፣ ሳበች። ዳማ ዝም።

«ይህ ለማሟሟቅ ነው» አለችና ደገመች። ዝም። ሠለሰች። አንዱ ቦት ጫማ ወለቀ፤ መልሳ አጠለቀችው። ላብ በጆሮዋ ሥር ወረደ።

«አንድ ነበር ያልሽኝ» አሉ እትዬ ፈንታዬ። «ዘጠኝ ደረስኩ። ሻዬም አለቀ።»

«ቤንዚኑ ነው! ውኃ ደባልቀው ይሆናል የሸጡት። ወይ ካርቡሬተሩ ነው። ብርዱም አለበት፤ እርስዎ አይገባዎትም፣ ሞተር እኮ ረቂቅ ነገር ነው...»

ውበቱ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጉተታ ጀምሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነበር። አፉን በዚያች በደህናዋ እጁ ሸፍኗል።

«ምን ያስቅሃል አባ? ከገባህ ና ንገረና!»

ውበቱ ቀስ ብሎ ተነሣ። የቀረችውን የዱላውን ግማሽ ዘርግቶ ከሞተሩ አፍንጫ በታች ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ጥቁር ቆብ ነካ ነካ አደረገው።

«ዳማ እንደተፈታ ነው» አለ። «ጥመጂውና ከዚያ ፎክሪ።»